ስለ እናቴ የጻፍሁት ደብዳቤ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ መዝገብ ቤት ከገባሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው የሚጀምሩ ምን ያህል ደብዳቤዎች በእጄ እንዳለፉ ቈጥሬ አላውቅም። እገሌ በዚህ መሥሪያ ቤት ያገለግላል፤ እገሊት ይህን ያህል ደመወዝ ታገኛለች፤ እገሌ ከማንኛውም ዕዳ ነፃ ነው፤ እያልን እንጽፋለን፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ እኔም ማኅተም አሳርፌ፥ ቍጥር ሰጥቼ አወጣለሁ። የሰው ኑሮ በሁለት መሥመር ተጠቃልሎ መውጣቱ አንድ ቀንም አስደንቆኝ አያውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ስለ ገዛ እናቴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆነብኝና ብዕሬ በመጀመሪያው መሥመር ላይ ቆመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እኅቴ፥ በቤታችን «እትዬ» የምንላት፥ ገና በወጣትነቷ ወደ ዴንማርክ ሄዳ፥ እዚያው ሠርታ፥ ቋንቋውንም ተምራ የአገሩ ዜጋ ሆናለች። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናታችንን ወደ እርሷ ለመውሰድ ዘወትር ታስብ ነበር። ይሁን እንጂ ዴንማርክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ፥ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር የሚገቡበትን መብት አስቀርታለች። ስለዚህ እኅቴ የዴንማርክ ፓስፖርት ይዛ፥ ለዴንማርክ መንግሥትም ግብር እየከፈለች፥ እናቷን በኮፐንሃገን ቤቷ ልታኖር አልተቻላትም።

የተቻላት ባሕሩን ተሻግራ ነው። ከኮፐንሃገን ወደ ስዊድን ከተማ ወደ ማልሞ የሚያሻግር፥ ከፊሉ በድልድይ፥ ከፊሉም ከባሕር በታች በዋሻ የሚያልፍ፥ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ መንገድ በ2000 ተከፍቷል። እኅቴ በዚያ በሚያልፈው ባቡር ሄዳ፥ በማልሞ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ ያዘች፤ ቤት ተከራየች፤ ኑሮዋንም እዚያው አደረገች። እንግዲህ በዜግነት አገሯ ያልተፈቀደላት ነገር በባዕድነት በምትኖርበት አገር ተፈቀደላት ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ በስልክ ስትነግረኝ የተሳሳተች መስሎኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኋት።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ያወጣው አንድ መመሪያ፥ ከአንዱ አባል አገር ወደ ሌላው ተዛውሮ ለሚሠራ ዜጋ ቤተ ሰቡን ይዞ የመኖር መብት ይሰጠዋል። ከቤተ ሰቡም ውስጥ በእርሱ ወይም በትዳር ጓደኛው የሚጦሩ ወላጆች ተቈጥረዋል። ሐሳቡ፥ ሰው ቤተ ሰቡን ጥሎ ላለመሄድ ሲል ከመዛወር እንዳይቀር ነው። ካገሩ ሳይወጣ ለተቀመጠው ዜጋ ግን ይህ መመሪያ አይደርስለትም፤ እርሱ የሚተዳደረው በገዛ አገሩ ሕግ ነው። መብቱ ለደረሰላት እናት የሚሰጠው ቪዛ ክፍያ የለውም፤ ጉዳዩም በተፋጠነ ሥርዓት እንዲታይ ታዟል፤ የመኖሪያ ካርዱም ካመለከተችበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ሊሰጣት ይገባል፤ በሕጉ መሠረት አምስት ዓመት ሳታቋርጥ ከኖረች ደግሞ ቋሚ ነዋሪ ትሆናለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የነገሩ ማሰሪያ ያለው ግን «የሚጦሩ» በምትለው በአንዲቱ ቃል ላይ ነው።

ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ታላላቆቻችን ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይሉናል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሲያረጅ የሚቀበለውንም ገንዘብ ጡረታ ያልነው ከዚሁ ቃል ነው። ነገር ግን ወላጅ ስለ ጦርን ደረሰኝ ተቀብለን አናውቅም። መቀመጫው በሉክሰምበርግ የሆነው የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2007 የአንዲት ቻይናዊት ጡረተኛ ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። ጅያ የተባለችው ይህች ሴት፥ ልጇ ጀርመናዊት አግብቶ በስዊድን ይኖር ነበርና ከእነርሱ ጋር ለመኖር ስታመለክት የቀድሞ አሠሪዋ የጻፈላትን ወረቀት በማስረጃነት አቀረበች። ፍርድ ቤቱም፥ ወላጅ ይጦራል የሚባለው በመጣበት አገር ሳለ ለኑሮው የግድ የሚያስፈልገውን ለማሟላት የልጁን ርዳታ የሚሻ ሲሆን ነው፤ ይህንም በማናቸውም ተገቢ ማስረጃ ሊያስረዳ ይችላል፤ ልጁ «እጦራታለሁ» ብሎ ቃል መግባቱ ብቻ ግን በቂ ሆኖ ላይቈጠር ይችላል፥ ሲል ፈረደ። በ2014 ደግሞ፥ ያም በስዊድን በተነሣ በአንዲት የፊሊፒንስ ወጣት ጉዳይ፥ ለኑሮ የሚያስፈልግ ገንዘብ ለረጅም ዘመን በየጊዜው ሲላክ መቈየቱ መጦርን ሊያሳይ እንደሚችል ወሰነ።

የእኛ ችግር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኅቴ ለሃያ ዓመት ያህል፥ እንደ ብዙዎቹ በውጭ አገር እንደሚኖሩ ወገኖቻችን፥ ገንዘቡን የምትልከው በሰው እጅ ነበር። ለፋሲካ የሚመጣ ሰው ሲገኝ በፖስታ አሽጋ፥ ለመስቀል የሚመጣ ሲገኝ በካፖርት ኪስ ውስጥ ሰፍታ ትልካለች። የእናቴ የስኳርና የደም ብዛት መድኃኒት የተገዛው፥ የቤታችንም ጣራ የተለወጠው በዚህ ገንዘብ ነው። ሳጥኑን ሁሉ ፈትሸን ያገኘነው የባንክ ደረሰኝ ግን ሰባት ብቻ ሆነ። ስለዚህ እኅቴ ማመልከቻውን አቆይታ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ በየወሩ መጀመሪያ በባንክ ላከች። እናቴ በበኩሏ ባንክ ሄዳ መሰለፉ አስመረራት። «ያች ልጅ ወዳጅ የላትም? ሰው አጣች እንዴ?» ትለኝ ነበር። ለእናቴ በሰው እጅ የመጣ ገንዘብ ወሬ ይዞ የመጣ ነው፤ ያመጣው ሰው ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፥ ልጅሽ ወፍራለች ወይም ከስታለች ብሎ ይነግራታል። የባንኩ ሠራተኛ ይህን ሊነግራት አይችልም።

ሁለተኛው ችግር የስም ነበር። በአውሮፓ እናትና ልጅ ብዙ ጊዜ በአንድ የቤተ ሰብ ስም ይጠራሉ። በእኛ ልማድ ግን ልጅ የአባቱን ስም ያስከትላል፤ እናትም ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። ስለዚህ የእናቴና የእኅቴ ፓስፖርት ጎን ለጎን ቢቀመጡ እናትና ልጅ መሆናቸውን የሚናገር አንድ ቃል እንኳ አይገኝባቸውም። የልደት ምስክር ወረቀት እንዳናቀርብ፥ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገራችን የተጀመረው በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነው፤ እኅቴ ስትወለድ የመዘገበ ሰው አልነበረም። እናቴማ የተወለደችበትን ዓመት የምታውቀው፥ የንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በዓል የተከበረበት ዓመት ነው ብላ አያቴ ስለ ነገረቻት ነው፤ ይህም 1948 ዓ.ም. ይሆናል። በመታወቂያዋ ላይ ግን አንድ ጸሐፊ 1952 ብሎ ጽፎላታል፤ እርሷም በአራት ዓመት ልጅ በመሆኗ አልተከፋችም። ምስክር አቁመን የእኅቴን የልደት ወረቀት አወጣን፤ አስተረጐምን፤ በሰነዶች ማረጋገጫ፥ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋገጥን። በአገራችን ልጅ የእናቱን ስም የማይዝበትን ምክንያት የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍም እኔው ራሴ አዘጋጀሁ። ይህን ጽሑፍ በደስታ ነው የጻፍሁት፤ እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ ሳላረዝመው አልቀረሁም።

በደስታ ያልጻፍሁት ሌላው ነው። እኅቴን የመከራት የሕግ ዐዋቂ፥ «እናትሽ በአዲስ አበባ ሌላ ልጅ አላት፤ እርሱም የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ታዲያ እርሱ ለምን አይጦራትም? መባሉ አይቀርምና ተዘጋጂበት» አላት። ስለዚህ ደመወዜ ለሚስቴና ለልጆቼ ብቻ የሚውል መሆኑን፥ እናቴን ለመጦር አቅም የሌለኝ መሆኑን በፊርማዬ ማረጋገጥ ነበረብኝ።

ነገሩ ሐሰት አይደለም። ሐሰት ቢሆንማ አልጽፍም ማለት ይቀለኝ ነበር። የእናቴን መድኃኒት ከደመወዜ ልግዛ ብል የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ይጐድላል። ሆኖም ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ራሷን በሳተች ጊዜ በጀርባዬ አዝዬ ሐኪም ቤት ያደረስኋት እኔ ነኝ። ጸጉሯን አጥባ የምትጐነጕንላት ሚስቴ ናት። የመድኃኒቱን ሰዓት እየጠበቀች «አያቴ፥ ደረሰ» የምትላት የሰባት ዓመት ልጄ ናት። ይህ በምን ደረሰኝ ይጻፋል? ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ገንዘቡ ነው፤ መጠየቁም አግባብ ነው፤ የሩቅ አገር ጸሐፊ በእኛ ቤት ሌሊት ማን እንደ ተነሣ ከየት ያውቃል? እኔም በመዝገብ ቤት ተቀምጬ የሌላውን ሰው ማስረጃ ስጠይቅ ከዚህ የተለየ ጠይቄ አላውቅም።

ሦስት ቀን አቆየሁት። በሦስተኛው ቀን ማታ እኅቴ ደወለች። «እትዬ፥ ይህን ወረቀት ልጆቼ አንድ ቀን ቢያገኙት ምን ይሉኛል?» አልኋት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «አንተ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ከእርሷ ጋር ቡና ጠጥተሃል። እኔ ቀን ቀን የሰው እናት ሳጥብ፥ ሳጐርስ እውላለሁ፤ ማታ ገብቼ የራሴን እናት በስልክ እሰማለሁ። ያንተን ልቀማህ አይደለም፤ ከቀረው አካፍለኝ ነው የምልህ» አለችኝ። በዚያች ሌሊት ጻፍሁት።

የእናቴ ማመልከቻ ደግሞ ለብቻው ነበር። ከመፈረሟ በፊት አነበብሁላት። «በልጄ ጥገኛ ሆኜ የምኖር» ከሚለው ላይ ስደርስ በእጇ አስቆመችኝ።

«ጥገኛ ማለትህ ምንድር ነው? በገዛ ቤቴ ተቀምጬ የማን ጥገኛ ነኝ? ጥገኛ ማለት ከሰው ደጅ የወደቀ ነው። ልጄ ትጦረኛለች ብለህ ጻፍ። መጦር ያለ ነው፤ እኔም እናቴን ጦሬያለሁ።»

ለውጬ «በልጄ የምጦር» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረመችም። ወረቀቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ሲመለስ ግን ተርጓሚው ያስቀመጠው፥ ለጥገኛውም ለሚጦረውም የሚያገለግለውን አንዱን ቃል ነበር። ይህን አልነገርኋትም። «ያንተስ ደብዳቤ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ልጅሽ መሆኔን ይላል» አልኋት።

ዘመዶቻችን እንደ ልማዳቸው ተሰብስበው ተከራከሩ። አጎቴ «ወስዳችሁ በበረዶ ውስጥ ልትቀብሯት ነው? ታምማ የመንግሥት ርዳታ ብትሻ አያባርሯትም?» አለ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነበረኝ፤ ያው ፍርድ ቤት በ2023፥ በአየርላንድ ከምትሠራ ልጇ ጋር ስለምትኖር አንዲት የሩማንያ እናት ሲፈርድ፥ በልጅ የምትጦር እናት የመንግሥት ርዳታ ብታገኝ በልጇ መጦሯ ይቀራል በሚል ምክንያት ርዳታውን መከልከል ወይም የመኖር መብቷን መንሣት አይገባም ብሏል። ለመጀመሪያው ግን መልስ አልነበረኝም፤ የመለሰችለት እናቴ ናት። «እኔ ልጦር የምሄድ መሰላችሁ? ያች ልጅ ከሥራ ስትመለስ ጨለማ ቤት ከፍታ የምትገባ ናት። ምግቧን ትኩስ አድርጌ ልጠብቃት ነው» አለች። እውነትም ማልሞ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ የምትጠልቅባት ከተማ ናት።

ቪዛው መጣ፤ በጥር ወር ሸኘናት። የመኖሪያ ካርዷ በአራተኛው ወር ደረሳት። አንድ እሑድ እኅቴ ወደምትሠራበት ቤት ይዛት ሄዳ ነበርና፥ በመስኮት በኩል ብቻዋን የተቀመጠች አሮጊት አይታ «ልጆቿ የት ናቸው?» ብላ ጠይቃለች። ይመጣሉ፥ ሩቅ ስለሚሠሩ ነው አሏት። በማግሥቱ ዳቦ ጋግራ ላከችላት። አሮጊቷ በላችው አልበላችው እንደ ሆነ እኅቴ አልነገረችኝም።

በሄደችበት ቀን ጧት፥ ሻንጣው በርበሬና ሽሮ ሞልቶ ከታሰረ በኋላ፥ እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ የዕድር ደብተሯን ሰጠችኝ። «እንዳታቋርጥ። ምናልባት ወደዚህ ብትመልሱኝ ዕድርተኛው ባዕድ አይቍጠረኝ» አለችኝ። አላቋረጥሁም። በወሩ መጀመሪያ እሑድ እሄድና በስሟ እከፍላለሁ፤ ገንዘብ ያዡ በደብተሯ ላይ እስኪፈርም ቆሜ እጠብቃለሁ። መዋጮው ጥቂት ነው፤ ከደመወዜ አያጐድልም።