የሣር ሕዝብ፤ በኒልጊሪ ተራሮች የሚኖሩ ቶዳዎች

ከደቡብ ሕንድ ሞቃት ሜዳ ተነሥቶ ወደ ኒልጊሪ ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ፣ ሜቱፓላያም ከተባለችው ከተማ አንዲት ትንሽ ባቡር ያገኛል። በ1908 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሐዲዷ እስከ ኡቲ ከተማ የተዘረጋላት ይህች ባቡር፣ ዳገቱን በጥርሳም ሐዲድ እየቧጠጠች 46 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ኡቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት፣ ብርዱ፣ ጉሙና የባሕር ዛፉ ሽታ ለአዲስ አበባ ሰው አገሩ የገባ ያስመስለዋል። ነገር ግን ይኸው ባሕር ዛፍ ለተራራው የጥንት ነዋሪዎች የኀዘን ምክንያት ሆኗል።

እነዚህ ነዋሪዎች ቶዳ ይባላሉ። ቍጥራቸው ሁለት ሺህ ያህል ቢሆንም የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። የጥንት ሥራቸው እርሻ ሳይሆን ቀንደ ረዣዥም ጎሾችን ማርባት ነበር፤ በባህላቸውም ምግባቸው ወተት፣ ቅቤና እህል እንጂ ሥጋ አይደለም። አፈ ታሪካቸው እንደሚለው፣ ኦን የተባለው አምላክ ጎሾችን ከምድር ውስጥ ሲያወጣ፣ የመጨረሻዪቱን ጎሽ ጭራ ይዞ የወጣው ፍጡር የመጀመሪያው ቶዳ ነው። እንግዲህ ጎሽ ቀደመች፤ ሰው ተከተለ ማለት ነው።

ስለዚህ ወተት በቶዳዎች ዘንድ ምግብ ብቻ አይደለም። የተቀደሱት ጎሾች ወተት የሚናጠው፣ ለዚሁ ሥራ በተለየ ካህን እጅ፣ ቤተ መቅደሳቸው በሆነው የወተት ቤት ውስጥ ነው። የቤቱ በር እጅግ ዝቅ ያለ በመሆኑ ካህኑ የሚገባው እየዳኸ ነው፤ ሴቶች ግን አይገቡበትም። ቤቱ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የተደፋ ይመስላል፤ የጐበጠ ቀርከሃ በሐረግ ታስሮ በረግረግ ሣር ይከደናል። የጥንት መኖሪያ ቤታቸውም በዚሁ መልክ የሚሠራ ነበር።

ሣሩ በሰው ልደት ውስጥ እንኳ ገብቷል። እናት በሰባተኛው ወር እርግዝናዋ ከባልዋ እጅ ትንሽ የእንጨት ቀስት ትቀበላለች፤ የቀስቱም ፍላጻ አንድ የሣር ዘለላ ነው። በሥርዐታቸው መሠረት የልጁ አባትነት የሚታወቀው ይህን ቀስት በመስጠት ነው።

እንግሊዞች በ1820ዎቹ ዓመታት ኡቲን ሲቈረቍሩ፣ ያ ሁሉ የግጦሽ መስክ በዓይናቸው ባዶ መሬት መሰለ። ከአውስትራልያ ባሕር ዛፍና የግራር ወገን የሆነ ሌላ ዛፍ አምጥተው ተከሉበት፤ ሻይም ተስፋፋ። ሕንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላም፣ ለቆዳ ማልፊያና ለሰው ሠራሽ ሐር ጥሬ ዕቃ እየተባለ ተከላው ቀጠለ። መስኩ ጠበበ፤ የጎሾቹ መንጋ አነሰ፤ ለቤት ክዳን የሚሆነውም ሣር እንደ ልብ የማይገኝ ሆነ። ዛሬ ብዙዎቹ ቶዳዎች በግንብ ቤት ይኖራሉ፤ አትክልት ያበቅላሉ፤ በከተማም ይሠራሉ።

ይሁን እንጂ ተሸንፈው አልተቀመጡም። ሴቶቻቸው በነጭ ኩታ ላይ በቀይና በጥቍር ክር የሚጠልፉት ጥልፍ በ2013 ዓ.ም. በሕንድ ሕግ የአገር ምልክት ሆኖ ተመዘገበ፤ ስሙንም ሌላው እንዳይነግድበት ተጠበቀ። በዚያው ተራራ ላይ የመጤውን ዛፍ እየነቀሉ የአገሩን ሣር መልሶ የመትከል ሥራም ተጀምሯል። የወተት ቤቱም ክዳን ሲያረጅ፣ በርቀት ተፈልጎ በተገኘ ሣር እንደ ጥንቱ በሥርዐት ይታደሳል።

አንባቢ ሆይ! በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት ስትጨነቅ የደረሰላት ባሕር ዛፍ ነው፤ ውለታውን አንክድም። ነገር ግን አንዱን ያሞቀ ዛፍ ሌላውን አራቍቷል። ስለዚህ መንገደኛ ሆነን ያልታረሰ ሜዳ ባየን ጊዜ፣ «ባዶ ነው» ከማለታችን በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ይገባናል።