የካይት ማጠንጠኛና የማር ገመድ

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ለእረፍት ቦንጋ ሳለሁ ስለሠራሁት የካይት ክር ማጠንጠኛ ነው። «የፊዚክስ ተማሪ ሆኖ የልጅ መጫወቻ ይሠራል እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ታናሽ ወንድሜ ከቀርከሃ ስንጣሪና ከፌስታል የተሠራ ካይት አለው። ዝናብ በሚበዛበት በካፋ ካይት የሚመቸው ሰማዩ ሲከፈት፣ በጥርና በየካቲት ነው። ልጁ ናይለኑን በዱላ ጠቅልሎ በእጁ ስለሚለቅ ነፋስ ሲበረታ ጣቱን ይቆርጠዋል። ከለቀቀው ካይቱ ጫካ ይገባል፤ ድንገት ጨምድዶ ከያዘውም ክሩ ይበጠሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቀስ እያለ የሚይዝ ፍሬን ነው።

ከዋንዛ ቁራጭ ክብ ከበሮ ጠረብኩ። መሐሉን በስቼ በቡሎንና በሮንዴላ ከእጀታው ጋር አያያዝኩት። ከዚያም የአሮጌ ቀበቶ ቆዳ በቀጭኑ ቆርጬ ከበሮው ላይ አዞርኩና አንዱን ጫፍ እጀታው ላይ በምስማር መታሁት፤ ሌላውን ጫፍ አውራ ጣት ይስበዋል። ክሩ ሲለቀቅ ከበሮው ቆዳውን ከምስማሩ ወደ ጣት በኩል ይጎትተዋል። ታዲያ ዋናውን ጫና የሚሸከመው ምስማሩ ነው፤ ለጣት የሚቀረው ጥቂት ነው። ችግሩ ካፊያ ሲነካው ቆዳው ያንሸራትታል።

አጎቴ ቀፎ ሰቃይ ነው። ማጠንጠኛውን አገላብጦ አየና «ይሄማ የማር ገመድ ነው!» ብሎ ሳቀ። ለካ እሱ ከረጅም ዛፍ ላይ ማር ሲያወርድ ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ 2 ጊዜ ጠምዝዞ ነው ቀስ እያለ የሚለቀው። «ሲረጥብስ?» አልኩት። «አንድ ዙር ትጨምራለህ ልጄ፣ ሌላ ምን አለው?» አለኝ።

ማታ ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኦይለር በደረሰበት ቀመር መሠረት የገመድ አያያዝ የሚወሰነው የሰበቃው መጠን በጥምዝ ማዕዘኑ ሲባዛ በሚገኘው ቁጥር ነው። የሰበቃው መጠን 0.3 ቢሆን በ2 ዙር አንድ እጅ 43 እጥፍ የሚሆን ጫና ይይዛል። ረጥቦ ወደ 0.2 ቢወርድ 2 ዙር የሚይዘው 12 እጥፍ ብቻ ነው። 3 ዙር ሲሆን ግን ተመልሶ 43 ይሆናል! አጎቴ ያለው አንድ ዙር ማለት ይኸው ነው። በማግሥቱ ቆዳውን አስረዝሜ ጎን ለጎን አንድ ዙር ጨመርኩበት፤ በካፊያም ያዘ።

ወገኖቼ፣ ይህን ቀመር እኛ ለፈተና ሸምድደነዋል። አጎቴ ግን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌርነት በመዘገበው የካፋ ደን ውስጥ የዓመት ገቢውን ያንጠለጥልበታል። ጉልበቱ እየደከመ ነው፤ በቅርቡ ዛፉ ላይ የሚወጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። ዙር የመጨመሩን ነገር ቀድሞ በጣቱ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። እኛም ላቦራቶሪ ዕቃ የለውም እያልን ከምናማርር በየቤታችን ያሉትን ገመዶች፣ እንዝርቶችና ወፍጮዎች ብንጠይቅ ብዙ የሚነግሩን አላቸው።