ሞያሌ፣ የሁለት ሌሊት ጥበቃ

የዓመት ፈቃዳችንን ይዘን፣ ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሞያሌ ደረስን። ናይሮቢ የምትኖረው እህታችን ልጇን ልትድር ቀን ቈርጣ ነበር።

ሞያሌን ወሰን ለሁለት ይከፍላታል፤ በወዲህኛው ወገን መኪና ቀኙን፣ በወዲያኛው ግራውን ይዞ ይነዳል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ኬላ የኢትዮጵያንና የኬንያን ሠራተኞች በአንድ ስፍራ ያገናኛል።

ሁለቱ አገሮች ለዜጎቻቸው ቪዛ ማስቀረታቸውን ስለምናውቅ፣ ፓስፖርታችንን ይዘን ያለ ሐሳብ ቀረብን። የተጠየቅነው ግን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነበር። የባል ካርድ የቆየ ነው፤ የሚስት ግን ከተወጋች ገና 8 ቀኗ። ካርዱ የሚጸናው ደግሞ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ጠመንጃ ሲፈተሽ የማንዘነጋ ሰዎች ቀን መቍጠር ዘነጋን!

እናንት የጓዶቻችን ባለቤቶች፣ ሻንጣ ከማሰናዳታችሁ አስቀድማችሁ ተከተቡ። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ አንዱ መርፌ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል ድካሙ የአንድ ጊዜ ነው።

እኛስ ሁለት ሌሊት ከኬላው ወዲህ አደርን። የሠርጉን እልልታ በስልክ ሰማን፤ ከሙሽራዪቱ እናት ጋር አብረን አለቀስን። በሦስተኛው ቀን ማኅተሙ ተመታልን። ናይሮቢ ስንገባ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር።