የወፍ ሙልሙል

በአገራችን ዘፈንና ዳቦ የቆየ ዝምድና አላቸው። ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው የቡሄ በዓል የሰፈር ልጆች በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ የቤቱ እመቤት ለዚሁ ቀን ያዘጋጀችውን ሙልሙል አውጥታ ትሰጣቸዋለች። ልጆቹም ተቀብለው፣ መርቀው፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ የተሰወረ ፍርድ አለ፤ ይኸውም ለጆሮ ደስታን የሰጠ ሁሉ ለአፉ የሚቀምሰው ሊያገኝ ይገባዋል የሚል ነው። ዘፋኙ የድካሙን ዋጋ ይቀበላል፤ ተቀብሎም ይሄዳል። ነገር ግን ዘፍኖ መሄድ የማይችል ዘፋኝ ቢኖርስ? ደጁ በሽቦ የተዘጋበት፣ ከእንጨት ወደ እንጨት ከመዝለል በቀር ሌላ መንገድ የሌለው ዘፋኝ ቢኖር፣ ለእርሱ የሚሰጠው ዳቦ ምን ይባላል? ዋጋ ነውን? ምጽዋት ነውን? ወይስ ዕዳ?

ይህ ጥያቄ የሚነሣው በሰው ቤት ስለሚያድሩ ዘፋኝ ወፎች፣ በተለይም ካናሪ ስለተባለው ትንሽ ወፍ ነው። ካናሪ የሚያሳድሩ ብዙ ሰዎች ለወፋቸው በገዛ እጃቸው ዳቦ ይጋግራሉ። ዱቄት ይነፋሉ፣ እንቁላል ይመታሉ፣ ካሮት ይፍቃሉ። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ነገሩ የጥጋበኛ ጨዋታ መስሎ ሊታየው ይችላል። «ሰው ዳቦ አጥቶ በሚያድርበት ዓለም ለወፍ ዳቦ መጋገር ምን ይሉታል?» ብሎ የሚጠይቅም አይታጣም። ጥያቄው ክብደት ያለው ስለሆነ በቀልድ ሊታለፍ አይገባውም። ለመመለስም በቅድሚያ ይህ ልማድ ሥር ከሰደደባቸው ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ መመልከት ያሻል።

በጀርመን አገር፣ በሐርዝ ተራሮች መካከል፣ ሳንክት አንድሬአስበርግ የምትባል አነስተኛ የማዕድን ከተማ አለች። ሳምሶን የተባለው የብር ማዕድን ጉድጓዷ እ.ኤ.አ. ከ1521 እስከ 1910 ድረስ የተሠራበት ሲሆን፣ ጥልቀቱም 810 ሜትር ያህል ደርሶ ነበር። ካናሪ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። የትውልድ ቦታው በአፍሪቃ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ማዶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚገኙት የካናሪ ደሴቶችና ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ በዱር ሲኖርም መልኩ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ስፓኞች ወደ አውሮፓ ካመጡት በኋላ ከአገር አገር ሲሸጋገር ኖሮ፣ ከታይሮል በመጡ የማዕድን ሠራተኞች እጅ ወደ ሐርዝ እንደገባ ይነገራል።

የማዕድን ሠራተኛው ቀኑን ከመሬት በታች በጨለማ ያሳልፋል። ደመወዙ ትንሽ፣ ቤቱም ጠባብ ነው። በዚያች ጠባብ ቤት ምድጃ አጠገብ ግን በእጅ ከተጠረቡ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ወፎች ይዘፍናሉ። ሴቷ ወፍ ዕንቁላሏን ለ2 ሳምንት ያህል ታቅፋ ጫጩት ስታወጣ፣ የሠራተኛው ሚስትና ልጆች ጠንክሮ የተቀቀለ እንቁላል ከደረቀ ነጭ ዳቦ ፍርፋሪ ጋር እያሹ ያቀርቡላታል። ወላጆቹ ወፎች ይህን በልተው፣ ከጕሮሯቸው መልሰው ለጫጩቶቻቸው ይመግባሉ። ጫጩቶቹ አድገው ራሳቸውን ሲችሉ ደግሞ የዘወትር ምግባቸው የጎመን ዘር ይሆናል። ከጊዜ በኋላ እንቁላሉና ዱቄቱ አንድ ላይ ተቦክቶ፣ ተጋግሮና ደርቆ የሚቀመጥ የወፍ ብስኩት ሆነ። ዛሬ ወፍ አሳዳሪዎች በየቤታቸው የሚጋግሩት ዳቦ የዚህ ፍርፋሪ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ እንቁላል በየቀኑ በማይበላበት የሠራተኛ ቤት ለወፍ እንቁላል ይሰበር ነበር። ምክንያቱም ጥጋብ ሳይሆን ኑሮ ነው። ዘፋኞቹ ወንዶች ለነጋዴ ይሸጣሉ፤ በአዘዋዋሪዎች ጀርባ፣ ኋላም በባቡርና በመርከብ እስከ አሜሪካ ድረስ ይጓዛሉ። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ የጉድጓዱን ደመወዝ ይደጉማል። ለጫጩቱ የተሰጠው እንቁላል ቆይቶ ለቤቱ ልጆች ጫማና ዱቄት ሆኖ ይመለሳል። በዚህ ረገድ ሲታይ የወፍ ዳቦ ከሰው አፍ የተነጠቀ ዳቦ አይደለም።

ይሁንና ይህ መልስ ግማሽ መልስ ነው፤ የሚነግረን ስለ ሰው ጥቅም እንጂ ስለ ወፉ አይደለምና። ወፉ በበኩሉ የሰጠው ምንድን ነው? በእኛ ዘንድ «ወፍ እንዳገሯ ትጮኃለች» ይባላል። የሐርዝ ወፍ ግን እንዳገሩ አልጮኸም። የሠራተኞቹ ጆሮ ከትውልድ ትውልድ ለስላሳውን፣ ወፍራሙንና የሚንከባለለውን ድምፅ እየመረጠ ሌላውን ስለጣለ፣ አፉን ሳይከፍት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በጕሮሮው የሚዘፍን ወፍ ተገኘ። ወጣቶቹ ወንዶች ብርሃን በተቀነሰባቸው ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ይቀመጡና የተመረጠ ሽማግሌ ዘፋኝ አጠገባቸው ሆኖ ያስተምራቸዋል። ስለዚህ ይህ ዘፈን የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ ሰው ጆሮውን ሲያዋጣ ወፉ ጕሮሮውን አዋጥቷል። ከሁለቱ አንደኛው ግን ክንፉንም ጨምሮ ከፍሏል።

ወፉ ከማዕድን ሠራተኛው ቤት አልፎ ወደ ጉድጓዱ ራሱ የወረደው በሌላ አገር፣ በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነው። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዓመታት በፍንዳታ የሚሞቱ ሠራተኞችን ጉዳይ ሲመረምር፣ ብዙዎቹን የሚገድላቸው ሽታና መልክ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን ደረሰበት። ትንንሽ እንስሳት በዚህ ጋዝ ከሰው ቀድመው ስለሚጎዱ ለማስጠንቀቂያ እንዲያገለግሉ ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው የብሪታንያ የማዕድን ሕግም በየማዕድኑ ትንንሽ ወፎች እንዲቀመጡ አዘዘ። ወፉ ከእንጨቱ ላይ ሲወድቅ ሠራተኛው ሸሽቶ ይወጣል። ሠራተኞቹ ወፎቻቸውን በፉጨት ያጫውቱ ነበር፤ ወፉ እንዳይሞት የኦክስጅን ጠርሙስ የተገጠመለት የወፍ ቤት እስከ መሥራትም ተደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1986 መጨረሻ ላይ ከ200 በላይ የሚሆኑት የመጨረሻዎቹ የማዕድን ካናሪዎች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲተኩ ተወሰነ።

ካናሪ ቀድሞ የሚወድቀው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የወፍ አተነፋፈስ ከእኛ ይለያል። ከሳንባው ሌላ የአየር ከረጢቶች ስላሉት፣ አየር በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ ያልፋል። ለበረራና ለዘፈን የሚሆነውን ትንፋሽ የሚሰጠው ይኸው ጥበበኛ አሠራር፣ መርዝንም ከሰው ፈጥኖ ወደ ደሙ ያስገባል። ዘፋኝ ያደረገው ነገር ተጎጂም አድርጎታል።

ይህ እውነት ከማዕድን ጉድጓድ ወጥቶ ማእድ ቤት ይገባል። እንበልና በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የሙዚቃ መምህር ካናሪ ያሳድራሉ። ባለቤታቸው ዐርፈዋል፤ ልጆቻቸውም ወደየኑሯቸው ሄደዋል። በቤቱ ውስጥ ከእርሳቸው ሌላ ድምፅ ያለው ወፉ ብቻ ነው። መምህሩ ወፋቸውን ለማስደሰት ዳቦ ሊጋግሩ ይነሣሉ። የማያጣብቀውን፣ ቴፍሎን የተለበጠውን መጥበሻ ያነሡና ባዶውን እሳት ላይ ጥደው ቢዘናጉ፣ ከልክ በላይ ከጋለው ልባስ የሚወጣው ጭስ ለእርሳቸው ምንም ሳይሸታቸው ወፉን በጥቂት ደቂቃ ሊገድለው ይችላል። በዘፋኙ ስም የተለኮሰው እሳት ዘፋኙን ያጠፋዋል ማለት ነው። ፍቅር ብቻውን እንደማይበቃ ለማሳየት ከዚህ የከፋ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም።

መምህሩ ይህን ካወቁ በጎመን ዘር የተሟሸውን የሸክላ ምጣድ ይመርጣሉ። ለሐርዝ ወፎች ምግብ ከነበረው ዘር ጋር ዘመድ የሆነ ዘር በእኛ ቤት ምጣድ ማሟሻ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ግጥጥሞሽ ነው። ጭስ ሁሉ ለወፍ ክፉ ስለሆነም የወፉን ቤት ከማእድ ቤቱ አርቀው ይሰቅላሉ። 1 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ያልተበጠረ የስንዴ ዱቄት፣ 2 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ የተፈቀፈቀ ካሮትና 1 ማንኪያ ኑግ በጥቂት ውኃ ያዋሕዳሉ። የእንቁላሉን ቅርፊት አፍልተው፣ አድርቀውና አልመው ይጨምሩበታል፤ ካልሲየም ይሰጣልና። ሊጡን በኮባ ቅጠል ላይ አሳስተው ዘርግተው፣ አክንባሎ ከድነው፣ በለዘብታ እሳት ያበስሉታል።

ጎረቤታቸው ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ጨው ረሱ እኮ!» ብትላቸው፣ «አልረሳሁም ልጄ፤ የሚበላው እኔ አይደለሁም» ይሏታል። በዚህች መልስ ውስጥ የወፍ ዳቦ ጥበብ ሁሉ ተጠቃሏል። ካናሪ ክብደቱ 20 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለእኛ ጣዕም የሆነች ጨው ለእርሱ ሸክም ናት። አቮካዶና ቸኮላታ ለሰው ምግብ ሲሆኑ ለወፍ መርዝ ናቸው። በአንጻሩ ደግሞ የእኛን ምላስ የሚለበልበው በርበሬ ወፍን አያቃጥለውም፤ የወፍ ሰውነት የበርበሬን ማቃጠል አይሰማውምና። እንግዲህ ለሌላው መጋገር ማለት የራስን ምላስ ማመን ትቶ የሌላውን ተፈጥሮ መማር ነው። ልኩም እንደዚሁ ነው፤ ዳቦው ከዕለት ምግቡ ከዐሥር አንድ እጅ ማለፍ ስለሌለበት፣ ለአንድ ካናሪ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቁራሽ ትበቃዋለች። የተረፈው ሳይሻግት ከወፉ ቤት ይወጣል።

በዚያ ሊጥ ውስጥ የገባው ኑግ ብዙ ሰው የማያስተውለው ታሪክ አለው። ኑግ ከአገራችን የፈለቀ ሰብል ነው፤ የሳይንስ ስሙም «አቢሲኒካ» የሚል ቃል ይዟል። ለእኛ ዘይትና ልጥልጥ ሲሆን፣ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ ግን በዋናነት የወፍ ምግብ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ያረሰውን ማሳ ፍሬ በሩቅ አገር መስኮት ላይ የተሰቀለ ዘፋኝ ይለቅመዋል። ገበሬው ዘፈኑን አልሰማም፤ ሆኖም ከዘፈኑ ውስጥ ድርሻ አለው።

ወፉን የሚያሳድረው ሰው በእርግጥ የሚፈተነው ግን ዘፈኑ ሲቆም ነው። ካናሪ በዓመት አንድ ጊዜ ላባውን ይለውጣል። በእነዚያ 6 ወይም 8 ሳምንታት ይጎሳቆላል፣ ጥግ ይይዛል፣ አብዛኛውን ጊዜም ዝም ይላል። መምህሩ ጧት ተነሥተው የሚሰሙት ድምፅ የለም። ቤቱ ሁለተኛ ሐዘን የገባበት ይመስላል። ዳቦው የዘፈን ዋጋ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜ ምጣዱ በተሰቀለ ነበር። ነገር ግን ላባ የሚሠራው ከእንቁላልና እንቁላልን ከመሰለ ገንቢ ምግብ ስለሆነ፣ ወፉ የእንቁላሉን ዳቦ ከምንጊዜውም ይበልጥ የሚሻው ዝም ባለበት ወቅት ነው።

ዝምታውም ባዶ አይደለም። ፈርናንዶ ኖቴቦም የተባለው ተመራማሪ በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የካናሪን አንጎል አጥንቶ፣ ዘፈንን የሚመሩት የአንጎል ክፍሎች በመራቢያ ወራት እንደሚያድጉና ከዚያ በኋላ እንደሚያንሱ እ.ኤ.አ. በ1981 አስታወቀ። በ1983 ደግሞ እርሱና የሥራ ባልደረባው በጎለመሰ ካናሪ አንጎል ውስጥ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሶች እንደሚፈጠሩ አሳዩ። የጎለመሰ አንጎል አዲስ ሕዋስ አያበቅልም ይባል በነበረበት ዘመን ይህ ታላቅ ግኝት ነበር። ካናሪው ዝም ካለበት ወቅት ወጥቶ እንደገና ሲዘፍን፣ ካለፈው ዓመት ዘፈን የተወውና የጨመረው ይኖራል። ዝም ያለው ወፍ ሥራ የፈታ ሳይሆን በማይታይ ሥራ የተጠመደ ነው። ይህን የኪነት ሰዎችና መምህራን ከማንም በላይ ሊረዱት ይችላሉ።

ከዚህ በመነሣት ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። ለቤት ወፍ የሚጋገረው ዳቦ ዋጋ አይደለም፤ ዋጋ የሚባለው ተቀባዩ ትቶ የመሄድ መብት ሲኖረው ነው። ምጽዋትም አይደለም፤ ሰጪው አስቀድሞ ብዙ ወስዷልና። ዕዳ ነው። ሰው የሌላውን ክንፍ ይዞ ደስታን ባገኘ ቁጥር የሚቆጠርበትና በአንድ ሙልሙል ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ ነው። በደጋችን የካናሪ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ራሱ ጥቁር ሰውነቱ ቢጫ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ትንሽ ወፍ አለ። እርሱ ከማንም ዳቦ አይጠብቅም። የሚሻው ሣሩና ቁጥቋጦው እንዲተውለት ብቻ ነው፤ ባለዕዳው እንዳይበዛ የሚወድ ሰውም እርሱን በዱሩ ይተወዋል። ከሰው እጅ ተፈልፍሎ፣ ከሰው ቤት ሌላ አገር ለማያውቀው ካናሪ ግን፣ ሲዘፍንም ዝም ሲልም፣ ጨው የሌለበት ቁራሽ በሰዓቱ ሊቀርብለት ይገባል።