እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ

በእኛ ልጅነት ኡራኤል ላይ የመኪና ጤና የሚለካው በእንጦጦ ነበር። የናፍጣ ፒክ አፑ ጉልበት ያጣበት ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ሲገባ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ዋናው መካኒክ ገና ኮፈኑን ሳይከፍቱ «የሽሮ ሜዳን ዳገት በስንተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው?» ይሉት ነበር። በሦስተኛ ከወጣ ደህና ነው። በሁለተኛ የሚንፏቀቅ ከሆነ ይመረመራል። በአንደኛ እያቃሰተ ከሆነማ እኛ የጋራዡ ልጆች መቆሚያ መቀመጫ እናጣለን፤ ሙከራ አለ ማለት ነዋ! ከኋላ ተሳፍረን፣ በካዛንቺስ፣ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ አድርገን ባሕር ዛፉ መሀል እስክንገባ ድረስ ጩኸታችን አያቋርጥም። አቤት ያ ዳገት! ሞተሩ ሲያጓራ እኛም አብረን እናጓራለን፤ ጋሼ ደግሞ ከጋቢናው «ዝም በሉ፣ ልስማው!» ይላሉ።

1980ዎቹን ነው የማወራችሁ። ወደ ጋራዡ የሚገባው ፒክ አፕ አብዛኛው ቱርቦ የሌለው ቶዮታ ሃይሉክስ ነበር፤ 2.4 ሊትር ሞተር፣ ጉልበቱም ከ80 ፈረስ እምብዛም የማይዘል። እሱም ቢሆን በባሕር ጠለል ላይ ሲለካ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ናፍጣ ያለ አየር አይነድም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ አካባቢው የሰጠውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። ስለዚህ አሰብ ወደብ ላይ በሙሉ ጉልበቱ የወረደ መኪና ኡራኤል ሲደርስ ሩብ የሚሆነውን ጉልበቱን መንገድ ላይ አራግፎ ይመጣል። ጋሼ ይህንን በቁጥር አልተማሩትም፤ ግን አሳምረው ያውቁት ነበር። ከቆላ የመጣ ሹፌር «አዋሽ ላይ እንደ ጥይት ነበር፣ እዚህ ገብቶ ደከመ» ሲላቸው፣ አየር ፊልትሮውን አይተው፣ ጭሱን አይተው፣ «መኪናህ ጤነኛ ነው፤ የደጋ አየር ነው የያዘው» ብለው ሳያስከፍሉ ይሸኙታል። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት በዓይኔ እያየሁ ማደጌ እስከ ዛሬ ያኮራኛል።

ምርመራው የሚጀምረው ከጭስ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቶ አየሩ አንሷል፤ ፊልትሮው ይፈታና ግድግዳ ላይ ሲመታ የሚወጣው አቧራ ሁላችንንም ያስነጥሰናል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጋሼ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ነገሩ ወደ ፋሻና ወደ ፒስተን ሊሄድ ነዋ። ነጭ ከሆነ ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ ነው፤ ወይ የፓምፑ ሰዓት ዘግይቷል፣ ወይ ኮምፕሬሽኑ ወርዷል። ከሁሉ የምወደው ግን ጭስ የሌለበትን ድካም ነበር። ያን ጊዜ የጋሼ ዓይን ያበራል። ጭስ የለም፣ ጉልበትም የለም ማለት ናፍጣው ራሱ በበቂ አይደርስም ማለት ነው፤ ከነዳጅ ጋኑ እስከ ፓምፑ ባለው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ተይዟል።

«ግባና እስከ መጨረሻው ርገጥ!» ይሉኛል። ይህ የእኔ ሥራ ነበር፤ ሹመቴም ነበር። እኔ ነዳጅ መስጫውን ስረግጥ እሳቸው ከሞተሩ በኩል የፓምፑ ክንድ ከማቆሚያው ብሎን ጋር መድረሱን ያያሉ። አንዳንዴ አይደርስም፤ ገመዱ ላልቷል፣ ወይም ከእግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ፔዳሉን ይዞታል። ምንጣፍ! ሰውዬው ሞተር ይወርዳል ብሎ ገንዘብ ሊበደር ሲያስብ፣ ጋሼ ምንጣፉን አንስተው ሲያሳዩት የሚፈነዳው ሳቅ ኡራኤል አጥሩ ድረስ ይሰማ ነበር።

ክንዱ ደህና ከሆነ ጄሪካን ይመጣል። ንጹሕ ናፍጣ የሞላ ትንሽ ጄሪካን ከፓምፑ ከፍ ብሎ ይታሰርና ቱቦው ፊልትሮውንና ጋኑን ዘሎ በቀጥታ ፓምፑ ላይ ይገባል። ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ጥፋቱ ከፓምፑ በፊት ነው፤ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ የተሰነጠቀ ቱቦ አየር ያስገባል፣ ወይ የጋኑ ክዳን መተንፈሻ ታፍኗል። ለውጥ ከሌለ ጋሼ ቁልፍ ያነሣሉ። ሞተሩ እየሠራ የአንዱን ኖዝል ቧንቧ ብሎን ያላላሉ፤ ድምፁ ከተሰበረ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ካልተለወጠ ሰነፉ ተገኘ! ከአራቱ ሰነፉን በድምፅ ብቻ ሲለዩ ማየት... ይህን ያየ ልጅ ሌላ ጨዋታ አያምረውም። ከዚያ ደግሞ ሞተሩን ትተው ጎማዎቹን በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ አንዱ ቸርኬ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ነው፤ ሞተሩ በከንቱ ነው የታማው። የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ነው።

አሮጌው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነገር ከዓይናችን ጠፋ። የእኛ ጋራዥ ከዚያ በፊት ነው ወደ ከተማው ዳር የሄደው። ግን ደስ የሚለውን ልንገራችሁ፦ ዛሬ ቁልፉን የያዘችው የጋሼ ልጅ ናት! ከእኛ ጋር ከኋላ ተሳፍራ እንጦጦ ስትጮህ የነበረችው። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ እሷ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ገመድ ሰክታ ታብሌቷን ትከፍታለች።

ባለፈው የእኔን ሃይሉክስ ወሰድኩላት፤ ይህኛው ባለ ቱርቦ፣ ኮመን ሬይል የሚባለው ሥርዓት ያለው ነው። ዳገት ላይ ድንገት ይደክማል፤ የሞተር መብራት ያበራል፤ አጥፍቼ ሳስነሣው ይነቃል። ጋሼ ከልማዳቸው ተነሥተው ቁልፍ ይዘው ወደ ኖዝሉ ቧንቧ ሲጠጉ፣ «አባዬ፣ እጅህን!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። በድሮው ፓምፕ ብሎን ማላላት ይቻል ነበር፤ በዚህኛው ግን ናፍጣው በቧንቧው ውስጥ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሠራ እንኳ 300 ባር ገደማ ግፊት አለው፣ ሲረገጥ ከ1,000 በላይ ይዘላል። እንዲህ ያለ ጅረት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ጋሼ ቁልፉን አስቀመጡና «በይ እንግዲህ አሳዪኝ» አሉ፤ እኔም አንገቴን አስግጌ ገባሁ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ። አንደኛው ኮምፒውተሩ የሚያዝዘው ግፊት ነው፣ ሁለተኛው በእርግጥ የተገኘው። መንገድ ላይ ወጥተን ስረግጥ ትእዛዙ ሽቅብ ወጣ፤ የተገኘው ግን ወደ ኋላ ቀረ! ክፍተቱ ሲሰፋ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ራሱ ቆረጠው። አያችሁት? ያ ሁሉ ድካም መኪናው አስቦ ያደረገው ጥንቃቄ ነበር። ጋሼ መስመሮቹን እያዩ «ይሄማ ጄሪካኔ ነው! ናፍጣው አልደረሰም ነው የሚለው» ብለው ጮኹ፤ ልጃቸው አቀፈቻቸው። እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመት ያልተሰማኝ የልጅነት ፍንደቃ ያዘኝ። ከአየር፣ ከናፍጣ፣ ከኮምፕሬሽንና ከሚይዝ ነገር ውጭ ዛሬም የሚጠየቅ የለም፤ ጋሼ በጆሮ የሰሙት አሁን ለሁላችን ይታያል!

እሷም እንደ አባቷ ከርካሹ ነው የጀመረችው። መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮውን ለወጠች፣ ከሥሩ የተጠራቀመውን ውኃ አፈሰሰች፤ ክፍተቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ ከየኖዝሉ የሚመለሰውን ናፍጣ በአራት ጠርሙሶች ለየብቻ ተቀበለች፤ አንዱ ከሌሎቹ ቶሎ ቢሞላ ያ ኖዝል ያፈሳል ማለት ነበር፤ አራቱም እኩል ሆኑ። የቱርቦውን ቱቦዎች ስንጥቅ ፍለጋ በእጇ ዳሰሰች፤ ደህና ናቸው። በመጨረሻ ወደ ፓምፑ የሚገባውን ናፍጣ የምትመጥነው ትንሿ ቫልቭ ተለወጠች። ስንሞክረው ሁለቱ መስመሮች ተጣብቀው አብረው ወጡ! ሦስታችንም አጨበጨብን።

ከዚያ የሆነውን ነው ለሰው ሁሉ የምናገረው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ሳለ ጋሼ አንድ ቁጥር አዩ። «ይሄ 77 ምንድን ነው?» አሉ። «አየራችን ነው አባዬ፤ የአካባቢው የአየር ግፊት ነው። ባሕር ዳርቻ ቢሆን 101 ይል ነበር» አለቻቸው። ጋሼ ጭናቸውን መቱ። ዕድሜ ልካቸውን ለቆላ ሹፌሮች ያስረዱት የነበረው ነገር ቁጥር ሆኖ ከፊታቸው ቆሟል! «ተነሡ! ወደ አዋሽ!» አሉ።

ሄድን እንጂ! በአዳማ ፈጣን መንገድ፣ እሷ እየነዳች፣ ጋሼ ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ዕጣ እየጠሩ። ቢሾፍቱ አካባቢ 81። አዳማ 83 ተቃረበ፤ እኔ ከኋላ ወንበር አስተጋባለሁ። የበሰቃን ሐይቅ አልፈን መተሐራ ስንደርስ «90!» ብለው ጣራውን ደበደቡት። «101ዱን ሳላይ አልመለስም፤ ወደ ጅቡቲ ንጂ!» ሲሏት ልጃቸው በሳቅ መንዳት አቅቷት አዋሽ ሰባት ላይ ለምሳ አቆመች።