ድንጋዩን ማን ያውርደው?

የሕክምና ተማሪዎችን ስለ ሥነ ጥበብ ምን አገባቸው እንዳትሉን እንሰጋለን። ነገሩ የተጀመረው ለማኅበራችን የእንቁጣጣሽ ምሽት አንድ ትርኢት አቅርቡ በተባልን ጊዜ ነው። መዝፈን አንችልም፤ እስክስታችንም የሚያኮራ አይደለም። አዲስ ነገር ስንፈልግ አብርሃም ፖንሽቫል የተባለውን ፈረንሳዊ አገኘን።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ፓሪስ በሚገኘው ፓሌ ደ ቶኪዮ፣ 12 ቶን ያህል የሚመዝን የኖራ ድንጋይ ለሁለት አስከፍሎ፣ መሐሉን በተቀመጠ ሰው ቅርጽ አስፈልፍሎ፣ አንድ ሳምንት ውስጡ ተዘግቶ ከርሟል። ውኃ፣ ሾርባና የደረቀ ሥጋ ይዞ ነበር። (የመጸዳጃውን ነገር የጠየቁን ብዙ ናቸው፤ እንለፈው።) ከመካከላችን «ይህ የጠገበ ሰው ቀልድ ነው፤ የእኛ ባሕታውያን በዋሻ ዕድሜያቸውን ሲፈጁ ማን ቲኬት ቆርጦ አየ?» ያለ ነበር። ጥበብ ለማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ዘለቀ። እኛን የያዘን ግን ሌላ ነው። ተመልካቹ አፉን ከድንጋዩ ስንጥቅ አስጠግቶ ግጥም ያነብለት፣ ቅዠቱን ሳይቀር ይነግረው ነበር። ለሰው ያልተናገሩትን ለድንጋይ!

በአገራችን ደግሞ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ አውርድ እስኪሉት አያወርድም። ይህንኑ ትርኢት እናድርገው አልን። ከሕንፃ ሥራ ቦታ ሦስት ድንጋይ ለምነን አመጣን፤ አንዱም ከ9 ኪሎ አያንስም። ሐሳባችን ሦስታችን ተሸክመን ያለ ንግግር ስንቆም፣ አራተኛችን የልብ ምታችንን እየቆጠረ በሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ ነበር።

ሲጀመር 76 ነበር፤ በ11ኛው ደቂቃ 118 ደረሰ። ትከሻችን ይቃጠል ጀመር። የጡንቻውን የላቲን ስም እናውቃለን፤ ማወቃችን ሸክሙን አላቀለለውም።

በዚህ ጊዜ ከእንግዶቹ መካከል በዚህ ከተማ በቤት ሠራተኛነት ብዙ ዓመት የኖሩ እናት ተነሡ። «ልጆቼ፣ ማንን በድላችሁ ነው?» አሉን።

«ትርኢት ነው፣ እማማ» ለማለት አፋችን አልታዘዘም። በሁለተኛው ረድፍ የማኅበሩ የቀድሞ ገንዘብ ያዥ ተቀምጧል። መዋጮውን በላ ብለን ስሙን ያጠፋነው እኛ ነን። ገንዘቡ ለታመመች እህታችን የሆስፒታል ዕዳ መዋሉን ካወቅን በኋላም፣ «ለምን ቀድሞ አልነገረንም?» እያልን ሰባት ወር ዘጋነው።

ዐይናችን ወዴት እንደ ሄደ እናትየዋ አዩ። ሄደው ክንዱን ይዘው አስነሡት። መጥቶ የሁለታችንን ድንጋይ አወረደ፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያለው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ሦስተኛው በስብሰባ ላይ ሌባ ብሎ የጠራው ጓደኛችን ነበር። እርሱ ፊት ሲደርስ ጥቂት ቆመና ሳይነካው ወጣ።

እናትየዋ ሊያወርዱለት እጃቸውን ዘረጉ። «እማማ፣ እርሱ ያውርደው» አለና ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ተከተለው። የልብ ምቱን የሚቆጥር አልነበረም።

አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ሁለቱ ምን እንደ ተባባሉ አልነገሩንም። ድንጋዩ አሁንም ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጥር ሥር ነው።