“እንደ ደጋችን ነው” ብሎኝ

ትዳር የሚናጋው በውሽማና በመጠጥ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ የኔን ጉድ ስሙ። የኔን ሊበትነው የነበረው የአየር ጠባይ ነው። አትሳቁብኝ!

ባለቤቴ ለአስተማሪነት ተቀጥሮ ሌሶቶ የሄደው እኔን አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ሌሶቶ ማለት ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ ብቻ የተከበበች፣ ባሕር የሌላት፣ ስፋቷ ከ30 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ንጉሥ ያላት ትንሽ አገር ናት። በስልክ “አገሩ እንዴት ነው?” ብለው፣ “ተራራ ነው፤ እንደ ደጋችን ነው፤ አታስቢ” አለኝ። ጊዜው ሰኔ ነበር። “አሁን ክረምት ነው” ሲለኝ እኔ ሆዬ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ሸክፌ ከች አልኩ።

ስደርስ ዝናብ የለ፣ ጭቃ የለ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ የደረቀ፣ ተራራው ዛፍ የራቀው። የኖርንባት ሞኮትሎንግ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ እንኳ ዝቅ ትላለች። ታዲያ ማታ በባልዲ ያስቀመጥኩት ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ጠበቀኝ! በሳምንቱ ደግሞ ተራራው በሙሉ ነጭ ለብሶ አደረ።

ለካስ ብርድ የከፍታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ሌሶቶ ግን ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ገደማ ርቃለች። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የነሱ ክረምት ደረቅ ውርጭ። ዝናባቸው የሚመጣው በሞቃቱ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው።

“አታለልከኝ!” አልኩት። ሦስት ሳምንት ጀርባ ለጀርባ ተኛን። ሻንጣዬንም አልፈታሁም።

አንድ ቀን አሮጊቷ ጎረቤታችን ስንቀጠቀጥ አዩኝና “ኮቦ” የሚሉትን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው በመርፌ ቁልፍ አያያዙልኝ። ቀጥለው እሳት ማንደጃ ይዘውልኝ መጡ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኩበት! አያቴ ቤት የማውቀው ጭስ ሲሸተኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ያን ማታ ባለቤቴ እውነቱን አወጣው። “ብርዱን ብነግርሽ የምትቀሪ መሰለኝ። አንዱን ክረምት ለብቻዬ አሳለፍኩ፤ ሁለተኛውን አልችልም ነበር” አለኝ።

“ብትነግረኝ እኮ ጋቢ ይዤ እመጣ ነበር” አልኩት። ሻንጣዬን የዚያን ዕለት ፈታሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደረቁ ኮረብታ ሁሉ በኮክ አበባ ሐምራዊ ሆነ። የደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ጫፍ የሆነው የሌሶቶ ተራራ፣ 3,482 ሜትር ከፍ ብሎም ስሙ “ውብ ትንሽ ተራራ” ማለት መሆኑን ስሰማ ከልቤ ሳቅሁ። እዚያ ሰባት ዓመት ኖርን።

እህቶቼ፣ ባላችሁን ተከትላችሁ ስትሄዱ “ክረምት ነው” ሲላችሁ “ምን ዓይነት ክረምት?” ብላችሁ ጠይቁ። ወንድሞቼ፣ እናንተም ብርዱን አትደብቁ። ሴት ልጅ ከብርድ ይልቅ የምትሸሸው ውሸትን ነው።